ሰባት ቁጥርና አስራ አንድ ቁጥር

ተማሪዎቹ «ጋሽ ቋጠሮ» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት የየትኛው ዓመት ተማሪ እንደሆነ እንጃ። የዛሬ አስራ ዘጠኝ ዓመት በአናቶሚ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠር ስሙ ተለጥፎበት ነው ያገኘሁት። አስከሬን ሲመጣለት እግሩ አውራ ጣት ላይ የቁጥር ካርድ ያስራል፤ ያቺን ቋጠሮ ከእሱ በቀር መፍታት የቻለ ሰው የለም። እሱ በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርጋት እጅ ትሰጣለች። አንድ ቀን አስተምረኝ ብለው፣ «ለምንሽ? አንቺ የምታስሪው ወረቀት ነው፤ ወረቀት አይጠፋም» አለኝ። የሞተ ሰውስ የት ይሄዳል ብዬ ሳቅኩበት። «ሰውየው አይሄድም፤ ቁጥሩ ነው የሚሄደው» አለኝ ኮስተር ብሎ። እንደ እሱ ያለ ነገረኛ ሰው አይቼ አላውቅም፤ እኔም ብሆን ምላሴ ስለማያርፍ ተስማምተን ኖርን።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በሕይወት ሳሉ ፈርመው ሰውነታቸውን ለሕክምና ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ሲሞቱ ጋሽ ቋጠሮ ይቀበላቸዋል፣ እንዳይበላሹ ፎርማሊን ይሰጣቸዋል፣ ቁጥር ያስርላቸዋል፣ ጠረጴዛ ላይ ያሳርፋቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ተማሪ ይማርባቸዋል። በየጠረጴዛው ሥር ክዳን ያለው ባልዲ ይቀመጣል። ተማሪ ቆርጦ ያነሣው ነገር ሁሉ፣ የጥፍር ያህል ቆዳ ብትሆን እንኳን፣ የዚያው ጠረጴዛ ባልዲ ውስጥ ይገባል። ዓመቱ ሲያልቅ ሰውየውና ባልዲው በአንድ ሳጥን ይገናኙና፣ ዘመድ ያለው ለዘመዱ ይሰጣል፣ የሌለውን ትምህርት ቤቱ ይቀብራል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ቁራጭ ቆዳ ወለል ላይ ጥሎ ቢሄድ፣ ጋሽ ቋጠሮ ምሳ ቤት ድረስ ሄዶ ማንኪያውን አስጥሎ መልሶታል። ልጁ ዛሬ የታወቀ ቀዶ ሐኪም ነው፤ ሲያገኘኝ እስከ ዛሬ ይኼንኑ ነው የሚያነሣብኝ።

እንግዲህ ያ ዓመት መጣ። ሰማንያ ተማሪ ይቀበል የነበረው ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ሁለት መቶ ልቀበል አለ። ሐኪም ያስፈልጋል፣ ማን ይክዳል? ግን ሰው ሲጨመር ሌላውም ይጨመራል አይደል? የመጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል የመማሪያ ክፍል ሆነ። ስድስት የነበረው ጠረጴዛ አስራ ሁለት ደረሰ። ትምህርቱ የጠዋትና የከሰዓት ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ ቋጠሮ ብቻ አንድ ነበር፣ አንድ ሆኖ ቀረ። ረዳት ይቀጠርለታል ተብሎ ማስታወቂያውን እኔው ጻፍኩት፣ እኔው ለጠፍኩት፣ ዝናብ ሲያጥበው እኔው ቀድጄ ጣልኩት።

አዲስ ኃላፊም መጣልን። ወጣት ነው፣ ጎበዝ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ሁለቱን ነው። ክፉ ሰው ነው ብዬ አላማውም። ግን ጥድፊያው አያድርስ ነው፤ «እንደምን አደርሽ» ሲልሽ መልሱን ሳይሰማ አልፎሻል። በሁለተኛው ወር ላይ አንድ ትእዛዝ አወጣ፦ የቁጥር ካርዶቹ ከአስከሬኖቹ እግር ተፈትተው በየጠረጴዛው ጠርዝ ባለው መንጠቆ ላይ ይንጠልጠሉ።

ጋሽ ቋጠሮ ሽርጡን እንደታጠቀ ቢሮ መጣ።

«ዶክተር፣ ቁጥሩ የሰው ነው እንጂ የብረት አይደለም።»

«ጋሼ፣ መቶ ልጅ በጠዋት ገብቶ አንሶላ እየገለጠ እግር ለእግር ቁጥር ሲፈልግ ይዋል?»

«ይዋል! ምን ቸገረው? ሊማር አይደል የመጣው?»

«ሰዓት የለንማ።»

ትእዛዙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የታዘዝኩትን ነው የጻፍኩት። ግን «ከዛሬ ጀምሮ» የሚለውን በደማቁ ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ለዚያ ማንም አላዘዘኝም። ወረቀቱ ቆንጆ እንዲሆን ብዬ ነው፤ አሁን ሳስበው ራሴን ያመኛል።

በዚያው ሰሞን «ረጅሟ» የምትባለዋን ተማሪ አወቅኳት። በመጀመሪያው ሳምንት አንሶላው ሲገለጥ ቁመቷን ሙሉ ወለሉ ላይ የተዘረጋችው እሷ ናት። ጓደኞቿ ሲሸሹ ጋሽ ቋጠሮ ወንበር አምጥቶ በመስኮቱ በኩል አስቀመጣት። «ዛሬ ምንም አትቁረጪ። የሴትየዋን እጅ ብቻ ያዢ። ሰው እጅ መያዝ ያቅተዋል?» አላት። ያዘች። በማግስቱም መጣች። ዓመቱ ከመጋመሱ በፊት ምላጭ አያያዟን ሌሎቹ እየከበቡ ያዩላት ጀመር።

ሰባት ቁጥር ማን እንደነበረች ተማሪዎቹ አያውቁም፤ ሕጉም አይፈቅድም። ፋይሉ እኔ ዘንድ ስለሆነ እኔ አውቃለሁ። ዕድሜ ልኳን በአዋላጅነት የሠራች ጡረተኛ ነበረች። ወረቀቷን ስትፈርም ከታች በእጇ፣ «ትምህርቱ ሲያልቅ ከእኔ የተረፈው ሁሉ ለልጄ ይመለስላት» ብላ ጨምራለች። አንዲት ልጅ ናት ያለቻት፤ ልጅቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልጅቷ በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ቢሮዬ መጥታ፣ «እማዬን መቼ ነው የምትሰጡኝ?» ብላኛለች፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ልትወስድ የመጣች እናት ነበር የምትመስለው። አስራ አንድ ቁጥር ደግሞ ከአረጋውያን መጦሪያ የመጣች ሴት ናት። በፋይሏ ላይ «የቅርብ ተጠሪ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሁለቱ በቁመትም በሰውነትም አይለያዩም።

በዓመቱ አጋማሽ የአዳራሹ ወለል ተሰነጣጥቆ ውሃ ማቆር ስለጀመረ ለሦስት ቀን ተዘጋ። ጠረጴዛዎቹ ለብየዳና ለቀለም ይወጣሉ፣ አስከሬኖቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በቃሬዛ ወደ ኮሪደር ይሸጋገራሉ፣ ባልዲዎቹ ግድግዳ ሥር ይደረደራሉ። ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች ለማንሣት አገዙት፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ትከሻ ላይ ነበር። መንጠቆው ከጠረጴዛው ጋር ስለሚወጣ ካርዶቹን ከመንጠቆው እያወረደ፣ የቀኙን በቀኝ ኪሱ፣ የግራውን በግራ ኪሱ ይይዛል። ጠረጴዛው ሲመለስ ሰዎቹን ያሳርፋል፣ ካርዱን ይሰቅላል፣ በካርዱ ቁጥር ባልዲውን ከሥር ያስገባል። አምስት ጥንድ እንዲህ አድርጎ ጨረሰ። ሰባትና አስራ አንድ የመጨረሻዎቹ ነበሩ። እነሱን አውጥቶ ጠረጴዛዎቹን እየጠበቀ ሳለ፣ ኃላፊው ቀለም ተረክቦ እንዲፈርም አስጠራው። ሲመለስ የቀለም ቆርቆሮ ሽርጡ ላይ ተደፋ። ሽርጡን ቀየረ። ካርዶቹን ካሮጌው ኪስ ወደ አዲሱ ኪስ ሲያሸጋግር የቀኙ ወደ ግራ፣ የግራው ወደ ቀኝ ገባ።

በቃ፣ ያቺ ናት ስህተቱ። ሌላ የለም።

በሁለተኛው መንፈቅ ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ስለተቀያየሩ ማንም አላስተዋለም። እግር ተማሩ። ፊት ተማሩ። የሆድ ትምህርት፣ አዲሱ ኃላፊ ቅደም ተከተሉን ስለለወጠው፣ መጨረሻ ላይ ወደቀ። ሦስት ወር ሙሉ ከሁለቱ ሴቶች የተነሣው ሁሉ፣ የአንዷ በሌላዋ ባልዲ ሲገባ ከረመ።

ትምህርቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ረጅሟ ቢሮዬ መጣች። እየሳቀች ነው የገባችው።

«እትዬ፣ ለጠረጴዛችን የሰጣችሁን የሰባት ቁጥር የሕመም ታሪክ ተሳስቷል። የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል ይላል። እኛ ግን አገኘነው! ጉበቷ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ተንጠልጥሏል።»

«ወረቀት አይሳሳትም፣ ዐይናችሁን እሹ» አልኳት፤ ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ነገሩ ቆርቁሮኛል። ጋሽ ቋጠሮ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶን ኖሯል። ፊቱ አመድ ሆነ። ዞሮ ሄደ። ልጅቷ ተከተለችው፣ እኔም ያረጀ ጉልበቴን እየጎተትኩ ተከተልኳቸው። አስራ አንድ ቁጥር ካርድ የተሰቀለበት ጠረጴዛ ዘንድ ሄዶ ጓንት አጠለቀና ጉበቱን በቀስታ ቀና አደረገው። ከረጢቱ የለም። የቆየ የቀዶ ጥገና ጠባሳ ብቻ ነው ያለው።

«አዋላጇ ይቺ ናት» አለ። «ሽርጡን የቀየርኩ ጊዜ ነው።» ከዚያ ረጅሟን አየት አደረገና፣ «ስድስት ጠረጴዛ ሳለ ሰዎቼን በመልካቸው ነበር የማውቃቸው። አስራ ሁለት ሲሆኑ ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ» አላት። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር እሱ አባበላት፤ ማን ማንን ማባበል እንደነበረበት አላውቅም።

ኃላፊው ዘንድ ሦስታችንም ገባን። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብሎ ሲሰማ አየሁት። ከሰማ በኋላ ግን የቀን መቁጠሪያውን ነው ያየው። ከአስር ቀን በኋላ በሚውለው ሰኞ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ ትምህርት ቤቱ ሁለት መቶ ተማሪ መቀበሉን ይቀጥል አይቀጥል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ከዚያ ሰኞ በፊት ባለው ሐሙስ ደግሞ የአዋላጇ ልጅ እናቷን ልትረከብ ቀጠሮ አላት።

«ባልዲ ውስጥ ያሉትን ቁራጮች መርምሮ መለየት አይቻልም?» አለ።

ለላቦራቶሪ ሰዎች ደውሎ ጠየቀ። ፎርማሊን ውስጥ የከረመ ስንት መቶ ቁራጭ፣ አንድ በአንድ የማን እንደሆነ መለየት የማይታሰብ ነው አሉት። ስልኩን አስቀመጠ።

«እንግዲህ ካርዶቹን ወደየባለቤቶቻቸው መልሱ። ሰዎቹ ተስተካከሉ ማለት ነው። ባልዲው ውስጥ ያለውን… ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለ ጋሽ ቋጠሮ።

«ጋሼ፣ ለጡረታዎ ስንት ጊዜ ቀረዎት?»

«ስምንት ወር።»

«እንግዲህ» አለ ኃላፊው።

በማግስቱ ጋሽ ቋጠሮ ቢሮዬ ተቀምጦ ሻዩን ሳይነካ አቀዘቀዘው። እውነቱን ልናገር፤ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተህ በአንድ ሽርጥ ምክንያት እንደ ሌባ ልትባረር ነው ወይ አልኩት። ሚስትህ ታማለች፣ በምን ልታሳክማት ነው አልኩት። ደግሞስ ለልጅቷ ምን ይጠቅማታል? እናቷን ቀብራ ትረፍበት አልኩት።

«እናቷን ብትቀብርማ ጥሩ ነበር» አለኝ።

«አጥንቷ የእሷ አይደለም? እጇ የእሷ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ!»

«እቴ፣ ያንቺ እናት ብትሆን ታዲያ ትይኝ ነበር?»

ተናደድኩበት። የራሴን እናት እንዲህ ባለ ነገር መሃል ለምን ያስገባታል? ሻዩን አንሥቼ ደፋሁት፣ እሱም ተነሥቶ ሄደ፣ እስከ ረቡዕ ድረስ አልተነጋገርንም። እሱና ረጅሟ ሁለት ከሰዓት ሙሉ ባልዲዎቹን ከፍተው ለመለየት ሲታገሉ ነበር። ልጅቷ ለፈተና ማጥናት ትታ ነው። በሦስተኛው ቀን ክዳኖቹን መልሰው ገጠሙ። ቀለሙ አንድ፣ ሽታው አንድ፣ ምኑን ከምን ይለዩት? እኔ በበኩሌ ሌሊት እየባነንኩ፣ ጠዋት ለሰው እየጮህኩ ነው ያን ሳምንት የገፋሁት። በር በተከፈተ ቁጥር ልብስ ሰፊዋ እየመሰለችኝ ከወንበሬ እነሣለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ኃላፊው ጋሽ ቋጠሮን ሌላው ግቢ ሄዶ ኬሚካል ተረክቦ እንዲመጣ አዘዘው። መንገዱ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ዓላማው ለሁላችንም ገብቶናል። መኪናው ከግቢ ሲወጣ በመስኮት አይቼ ተነፈስኩ። አዎ፣ ደስ አለኝ፤ ይኼንንም አልደብቅም።

ልብስ ሰፊዋ ሦስት ሰዓት ላይ መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ጸጉሯን ጥንቅቅ አድርጋ አስራ ነበር። ሳጥኑ ቀድሞ ኮሪደሩ ላይ ወጥቷል። ቅጹን አቀረብኩላት። «ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ» ይላል። ለስንት ዓመት ሰው ሲፈርምበት ያየሁት ቅጽ ነው፤ በዚያን ቀን ግን ፊደሎቹ ዐይኔን ወጉኝ። እስክሪብቶ ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። አነበበች። ጎንበስ አለች።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ቋጠሮ ገባ። ጫማው አቧራ ብቻ ነው። ከመኪናው መንገድ ላይ ወርዶ በእግሩ ነው የተመለሰው።

«እህቴ፣ አይፈርሙ» አለ።

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። እኔ «ጋሼ» አልኩ።

«እዚያ ላይ ሙሉ በሙሉ ይላል። ሙሉ በሙሉ አይደለም። በዓመቱ አጋማሽ የእናትዎን ቁጥርና የሌላ ሴትዮ ቁጥር አቀያየርኩ። ተማሪ አይደለም፣ ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ።»

«እናቴ ጠፋች?»

«አልጠፉም። እዚህ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ግን ለሦስት ወር ከሰውነታቸው የተነሣው ከሌላዋ ጋር ነው የተቀመጠው። የሌላዋም ከእሳቸው ጋር። መለየት አልቻልንም።»

«ምን ምኑ?»

በዐይኔ ለመንኩት። አላየኝም።

«የሁለቱ እግር ሥጋ፣ ከጭን እስከ ተረከዝ።» ቆም አለ። «ከዚያ…»

«ጨርስ» አለችው። ትልቅ ሰው እርስዎ የምትል ሴት ናት።

«ፊታቸው።»

ሴትየዋ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሳጥን በበሩ በኩል አየችው።

«እዚያ ውስጥ ያለው ፊት የማን ነው?»

«የሌላዋ ሴትዮ።»

ተነሥታ ቆመች። ትመታዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ የመታችው ግን ጠረጴዛዬን ነው።

«ለምን ነገርከኝ? ባልሰማ ኖሮ ዛሬ ቀብሬ፣ አልቅሼ ወጥቶልኝ፣ በሳምንቱ ሱቄን እከፍት ነበር። አሁን አንተ ሸክምህን አራግፈህ ልትሄድ ነው፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ልሸከመው!»

«አላራገፍኩም።»

«ይቅር በይኝ ልትለኝ ነው የመጣኸው?»

«አይደለም» አለ። «የማያውቁትን ፊት እንዳይቀብሩ ብዬ ነው።»

ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ተነሥቼ ላቅፋት አስቤ ነበር፤ ቅጹን አዘጋጅቼ እስክሪብቶ ያቀበልኩ እኔ በየትኛው እጄ ላቅፋት? ባለሁበት ቀረሁ። ኃላፊው ጩኸቱን ሰምቶ በሩ ላይ መጥቶ ቆሟል። አልገባም፣ አልሄደም።

ፊቷን ጠረገች።

«ሌላዋ የት ናት?»

«እዚያ ማዶ ክፍል ውስጥ ናት።»

«ማን አላት?»

«ማንም። ከመጦሪያ ነው የመጣችው።»

ፌስታሉን ከፈተች። በጥንቃቄ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጣች። ለእናቷ መጠቅለያ የሰፋችው ነው፤ ጠርዙ ዙሪያውን በእጅ ተለቅሟል፣ ስንት ቀን እንደፈጀባት መገመት እችላለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«መቀስ አለሽ?» አለችኝ።

ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሰጠኋት። የወረቀት መቀስ ነው፣ ጨርቅ አይወድም። ጨርቁን በክንዷ ለካች፣ መሃሉን በጣቷ ያዘች፣ ቆረጠችው። መቀሱ እየነከሰ ሲያስቸግራት ቀሪውን በእጇ ተረተረችው። ሁለት ሆነ።

«ሁለቱንም እወስዳለሁ» አለች። «እናቴን ግማሽ አድርጌ ከዚህ አልወጣም። የሴትየዋ ስም ማን ነው?»

ፋይሉን አውጥቼ ስሟን አነበብኩላት። እንዳይጠፋት ሁለት ጊዜ ደገመችው። ጋሽ ቋጠሮም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሯት ደገመ።

«የመጦሪያውን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል» አለ ኃላፊው ከበሩ። አሁንም ወረቀት ሊያወራ ነው ብዬ ልጮህበት ነበር። ግን አልፎኝ ገብቶ የእኔን ስልክ አነሣና ራሱ ደወለ። የመጦሪያዋ ኃላፊ፣ «ቀባሪ ካገኘችልንማ ምን እንላለን» ብላ አለቀሰች፤ ድምጿ ለሁላችንም ተሰማ። ኃላፊው ሁለተኛ ቅጽ ጠየቀኝ። በሁለቱም ላይ «ሙሉ በሙሉ» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞ፣ በጎኑ የሆነውን ነገር በራሱ እጅ ጻፈና ስሙን ፈረመበት። ሰኞ ገምጋሚዎቹ ሲመጡ ያንኑ ወረቀት ቀድሞ ፊታቸው ያስቀመጠው እሱ ነው። በዚያ ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት ከመቶ ሃያ ተማሪ በላይ እንዳንቀበል ተከለከልን፣ ጋሽ ቋጠሮም ከደረጃው ዝቅ ተደርጎ ጡረታውን ጠበቀ። ካርዶቹ ወደ እግር ተመለሱ።

ሐሙስ ግን ገና አላለቀም። ጋሽ ቋጠሮ ሁለቱን ሳጥኖች ከጥበቃዎቹ ጋር ተሸክሞ መኪና ላይ ጫነ። በሩን ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ ዞረችበት።

«አንተ ለቀብሩ አትምጣ» አለችው። «ዐይንህን ማየት አልችልም።»

ትምህርት ቤቱ ለሚቀብራቸው ዘመድ አልባዎች በሙሉ፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ መቃብር አፋፍ የሚቆመው እሱ ብቻ ነበር። ከእሱና ከቆፋሪዎቹ በቀር ሰው የማይገኝበት ቀብር ስንቱን ነው። ያንን አታውቅም፤ ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝ።

«እሺ፣ እመቤቴ» አላት።

ተናደድኩባት፤ መኪናው እስኪወጣ ድረስ ተናደድኩባት። ከዚያ እናቴ ትዝ አለችኝና ንዴቴ ሟሸሸ። ቢሮዬን ቆለፍኩና ወደ ቀብሩ ሄድኩ። ያዘዘኝ የለም።

ስመለስ የከሰዓት ፈረቃው ፈተናውን ጨርሶ ወጥቷል። ጋሽ ቋጠሮ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ሰባት ቁጥር ጠረጴዛ ያጥብ ነበር። ቀና አላለም።

«ስንት ሰው መጣ?» አለኝ።

ስለ ዘመድ አልባዋ ሴትዮ እንደሚጠይቀኝ ገባኝ።

«ከመቶ በላይ ነው። አዋላጇ የተቀበለቻቸው ልጆች ሁሉ ወላጆች ሆነው መጥተዋል። ሁለት ሳጥን ሲያዩ ግራ ገባቸው።»

«ልጅቷ ምን አለቻቸው?»

«‹ሁለት እናት ነው የምቀብረው› አለቻቸው። ሌላ ምንም አላብራራችም።»

«ስሟን ጠሩት?»

«ልጅቷ ራሷ ናት የጠራችው። ከእናቷ አስቀድማ። ሕዝቡ በሙሉ አለቀሰላት፣ ጋሼ፤ አንድም የሚያውቃት ሳይኖር።»

የያዘውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጀርባውን ሰጠኝና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ሁሉ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አዳራሹን ለቅቄለት ወጣሁና፣ ሰው እንዳይገባበት በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።